ሰማዩን ከመተኮሳችሁ በፊት ጠይቁን፦ ከወገራ ገበሬዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለፌዴራልና ለአማራ ክልል የግብርና፣ የሜትዎሮሎጂና የአደጋ ስጋት ሥራ ኃላፊዎች፤
ለምክር ቤት ተወካዮቻችን፤

ክቡራንና ክቡራት፣ ጤና ይስጥልን።

ወገራ ውስጥ የሚገኝ የአንድ ሁለገብ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለአባላቱ አነበብኩላቸው። አንዳንዱን ቦታ «ለሰለሰ» ብለው አስቀየሩኝ። አንዳንዱን ደግሞ «ይሄ ጣጣ ያመጣብሃል» ብለው አስወጡኝ። የቀረው ይኸው።

ነገሩ የተነሣው በአንድ ስብሰባ ነው። አካባቢያችን ላይ በመስኖ አትክልት የሚያለማ አንድ ባለሀብት አለ። ስሙን መጥራት አያስፈልግም። ሰውዬው ክፉ አይደለም፤ እሱንም በረዶ መትቶታል። ከአንድ የዕቃ አስመጪ ወኪል ጋር መጣና በስልክ ቪዲዮ አሳየን። ወደ ሰማይ የተደገነ፣ ትልቅ ጥሩንባ የሚመስል ብረት ነው። የብየዳ ቤት ጋዝ ውስጡ ይፈነዳል። ደመና በመጣ ቁጥር በየጥቂት ሰከንዱ ይተኩሳል። ድምፁ ወደ ላይ ወጥቶ በረዶውን «ይሰባብረዋል» ተባልን። የበረዶ መድፍ ይሉታል።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ። «በረዶውን ሲሰብረው ዝናቡንስ ምን ያደርገዋል?» አሉ። ወኪሉ ሳቀ። መልስ ግን አልሰጠም። መድረክ ላይ የነበሩት ኃላፊዎችም «እንግዲህ ለሙከራ ይግባ፤ ቴክኖሎጂ ነው» ብለው ስብሰባውን ዘጉ። ቃለ ጉባኤ ላይ አልፈረምንም። የጠየቀንም የለም።

እኛ የቴክኖሎጂ ጠላት አይደለንም። በረዶ ምን እንደሚያደርግ ከእኛ በላይ የሚያውቅም ያለ አይመስለኝም። ባለፈው መስከረም፣ መስቀል ካለፈ በኋላ ባለው ሳምንት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ነበር። መጀመሪያ የሽምብራ ፍሬ ያህል ነበር። ከዚያ የርግብ እንቁላል አከለ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ጎን ለጎን ተቀምጠን እንኳ አንደማመጥም። ሩብ ሰዓት ቢቆይ ነው። ሲያባራ ወጣን። ግቢው ነጭ ሆኗል። ልጆቹ እያፈሱ ይቆረጥማሉ። ልጅ ምን ገዶት።

የጎረቤቴ ገብስ እሸቱ አልፎ ቢጫ መልበስ ጀምሮ ነበር። ማሳው ዳር ደርሶ አንድ ዛላ አነሣ። ፍሬው የለም፤ አገዳው ብቻ ነው። ጎንበስ ብሎ መሬቱን በጣቱ ጫር ጫር አደረገ። ፍሬው ጭቃው ውስጥ ተሰክቷል። «ተዘራ» አለኝ። «እንደገና ተዘራ። ያለ በሬ።»

ከጅረቱ ማዶ ያለው የአማቱ ማሳ ግን አንድ ቅጠል አልጎደለበትም። በረዶ እንዲህ ነው። እንደ ድርቅ አገር አያዳርስም። ጠበብ ያለ መንገድ ይዞ፣ አንዱን ጠርጎ ሌላውን ትቶ ያልፋል። ብዙው ችግራችን የሚመጣውም ከዚሁ ከጠባብነቱ ነው። ከሩቅ ሆኖ ለሚያይ ሰው ምንም አልሆንንም።

ለምን እኛ ላይ እንደሚበረታ ለመረዳት የተማረ ሰው ጠይቄያለሁ። በእኛ አገር ሰማይ ላይ ውሃ የሚረጋበት ከፍታ 5 ሺህ ሜትር ገደማ ነው። እኛ ያለንበት አምባ ጊዮርጊስ አካባቢ ደግሞ ወደ 3 ሺህ ሜትር ይጠጋል። በረዶው እላያችን ላይ ለመድረስ የሚወርደው 2 ሺህ ሜትር ብቻ ነው። ሳይቀልጥ ይደርሳል። መተማ ያለው ሰው ከ1 ሺህ ሜትር በታች ስለሚኖር ያው ደመና ውሃ ሆኖ ይደርሰዋል። እንግዲህ ደጋ መኖር የአየሩ ጥሩነት ብቻ ሳይሆን ይኼም አለበት።

አሁን ወደ ቅሬታችን።

በረዶው የመታን ዕለት ማታ ለቀበሌ አመለከትን። ጉዳቱን የሚገምት ባለሙያ የመጣው በሃያ ሦስተኛው ቀን ነው። በሃያ ሦስት ቀን ውስጥ ሰዉ ምን ያድርግ? ሳይበሰብስ ከብቱ ይብላው ብሎ የተመታውን አጨደው። ባለሙያው መጥቶ ባዶ ማሳ አየና «እዚህ ምን ነበር?» አለ። ቅጹም የራሱ ጉድ አለው። ድርቅ የሚል ሣጥን አለ፤ ጎርፍ የሚል አለ፤ አንበጣ የሚል አለ። በረዶ የለም። «ሌላ» የሚለው ውስጥ ገባን። ከዚያ ወዲህ አባላቱ እርስ በርስ ሲቀላለዱ «እንዴት ነህ፣ ሌላ?» ይባባላሉ።

ሁለተኛው የዕዳው ነገር ነው። ይኼ እኔኑ ነው የሚነካኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት መዝገብ አለ። አንዱ በረዶ የመታቸው አባላት ዝርዝር ነው። ሌላው የማዳበሪያ ዕዳ ዝርዝር ነው። በአንድ እስክሪብቶ የጻፍኳቸው ናቸው። ጎን ለጎን ዘርግቼ ሳያቸው ስሞቹ አንድ ናቸው። የመጀመሪያውን መዝገብ ጠይቆኝ የሚያውቅ የለም። ሁለተኛውን ግን በየሳምንቱ በስልክ እጠየቃለሁ። አንዲት ባሏ የሞተባት አባላችን ሁለት ጥማድ መሬቷ እንዳለ ተመትቶባት ለዕዳው በግ ሸጠች። ገንዘቡን የተቀበልኳት እኔ ነኝ። ደረሰኝ ስቆርጥላት ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ሦስተኛው ዘር ነው። በረዶ ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ ከመታ ጨዋታው ገና አላለቀም። ደንቢያ ያሉ ወንድሞቻችን ዋልካ መሬታቸውን ገልብጠው በቀረው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ ይዘሩበታል። ግን ቀን አለው። ሁለት ሳምንት ካለፈ መሬቱ ይደርቃል። አንድ ዓመት ለእኛ የመጣው የእርዳታ ዘር የደረሰው በኅዳር ነው። ኅዳር! ሰው ሲያጭድ። አምጪዎቹም ያውቁታል። ግን ፈርሙ ተባልን፤ ፈረምን።

ኢንሹራንሱን ባጭሩ ልለፈው። ጥቂት አባላት የሰብል መድን ገብተው ነበር። ሲመቱ ሄደው ጠየቁ። «የእናንተ መድን የሚከፍለው በዝናብ መጠንና ከሳተላይት በሚታይ ልምላሜ ነው፤ ዘንድሮ አካባቢያችሁ ለምለም ነው» ተባሉ። እውነት ነው፣ ለምለም ነው። የአማትየውን ማሳ ጭምር ደርቦ ነዋ የሚያየው! ለድርቅ የተሠራ መድን ለበረዶ አይሆንም። ሲሸጡልን ግን ይህን አልነገሩንም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ባለበት ነው መድፉ የመጣው። ሰው ሲጨነቅ ይገዛል። ለዚህ ነው መንግሥት መሐል መግባት ያለበት።

ስለ መድፉ ያነበብኩትን ልንገራችሁ። አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1896 አልበርት ሽቲገር የሚባል የኦስትሪያ ወይን አምራችና ከንቲባ ነው ያስጀመረው። ገበሬው ወደደው። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ጣሊያን ውስጥ ብቻ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ መድፍ ተተከለ። የሁለቱ አገር መንግሥታት ግን አንድ ጥሩ ነገር አደረጉ፤ ራሳቸው ፈተኑት። በሁለት ቦታ መድፍ ደርድረው ሲተኩሱ ከረሙ። ሁለቱም ቦታ በረዶ መታው። ከዚያ ተተወ። ያ ብረት ነው እንግዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ቀለም ተቀብቶ ወገራ የመጣው። የዓለም ሜትዎሮሎጂ ድርጅትም መድፉ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው በግልጽ ተናግሯል። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ጉዳዩን ሳወራላት «ነጎድጓዱ ከዚያ አያንስም፤ ድምፅ ቢሰብረው ኖሮ ነጎድጓዱ ይሰብረው ነበር» አለችኝ።

በአውሮፕላንና በሮኬት የሚሠራው ሌላ ነው፤ እሱን ከመድፉ ጋር መቀላቀል አልፈልግም። ሲልቨር አዮዳይድ የሚባል የብር ውህድ ደመናው ውስጥ ይረጫል። ሐሳቡ ይገባል። በረዶ የሚያድገው ደመናው ውስጥ ያለውን ውሃ እየለቀመ ነው። ጥቂት ፍሬዎች ካሉ እያንዳንዱ ይወፍራል። ብዙ ፍሬ ከተፈጠረ ግን ውሃውን ይሻማሉ፣ ሁሉም ትንሽ ይሆናል፣ መንገድ ላይ ይቀልጣል። አንድ እንጀራ ለአሥር ልጅ እንደማለት ነው። ጎረቤታችን ኬንያም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ኬሪቾ ላይ ለሻይ እርሻዎች ሞክራዋለች። ችግሩ ሲለካ ነው የሚመጣው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ ኮሎራዶ ላይ ዕጣ እያወጡ አንዱን ቀን ረጩ፣ ሌላውን ቀን ተዉ። ልዩነት አጡ። እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1981 ስዊዘርላንድ ላይ በሮኬት ተሞከረ። እዚያም ጠቀመ የሚያሰኝ ውጤት አልተገኘም። ዛሬም የሚሠሩበት አገሮች አሉ። ካናዳ፣ አልበርታ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ገንዘብ እያወጡ በአውሮፕላን ያስረጫሉ። የሚጠብቁት ግን የከተማ ጣሪያና መኪና ነው እንጂ ገብስ አይደለም። ወጪውን ማሰብ ነው።

ደግሞ እኛ አካባቢ መድፉ አዲስ ቢሆንም በረዶ የመመለስ ሥራው አዲስ አይደለም። አያቴ ሲነግሩኝ በእሳቸው ጊዜ መንደሩ በረዶ መላሽ ነበረው። ደብተራ ነው። ክረምቱን ሙሉ ደመና ሲጠቁር ይጸልያል፣ ይደግማል። አውድማ ላይ ከየቤቱ እህል ይሰፈርለታል። በረዶ ከመታ ግን የዚያን ዓመት አይሰፈርለትም። በደብተራው ጥበብ እመኑ ማለቴ አይደለም። ውሉን ግን ተመልከቱልኝ። ካልሠራ አይከፈለውም። የመድፉ ወኪል ግን ገንዘቡን ቀድሞ ነው የሚቀበለው። በረዶ ቢመታስ ብለን ስንጠይቀው «መድፉ ባይኖር ከዚህ ይብስ ነበር» አለን። እንዲህ ላለው መልስ ምን ይባላል?

የእኛ ትልቁ ፍርሃት ግን ገንዘቡ አይደለም። ጠቡ ነው። አንዱ ባለሀብት ለነጭ ሽንኩርቱ ብሎ ይተኩሳል። ከሥሩ ያለው ገበሬ ዝናብ ሲቀርበት «እሱ ነው ያባረረው» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሜክሲኮ ፑዌብላ ላይ የሆነው ይኸው ነው። የቮልስዋገን ፋብሪካ አዳዲስ መኪኖቹን ከበረዶ ለማዳን መድፍ ተከለ። ገበሬዎቹ ዝናባችንን አባረረብን ብለው ተነሡ። ፋብሪካው መጨረሻ ላይ መኪኖቹን መረብ ለማልበስ ተስማማ። መድፉ ዝናቡን አባሮ ይሁን አይሁን ሌላ ጉዳይ ነው። እንደማያባርር ነው እኔ የማምነው። ግን በረዶ የማይመልስ መድፍ ሰው ማጣላት አያቅተውም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይኼን አባላቱ «አስገባው» ብለውኛል። በዚህ ዘመን እኛ አገር ሰማይ ላይ አንድ ነገር በየጥቂት ሰከንዱ ሲፈነዳ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ደመናውን አይደለም። ልጆቹን ይዞ ነው የሚሮጠው። ለሙከራ ይግባ ያሉት ኃላፊዎች ይህን አስበውት ይሆን?

ስለ ደመና ማዝነቡም ዝምታው ጎድቶናል። በ2013 ዓ.ም. መንግሥት ደመናን ወደ ዝናብ የመቀየር ሥራ መጀመሩን በቴሌቪዥን አየን። ጥሩ ነው አልን። ከዚያ ወዲህ ግን መቼ፣ የት፣ ምን ያህል እንደተረጨ እኛ መንደር የደረሰ ወረቀት የለም። የደረሰው ሐሜት ነው። በረዶ ሲመታ «ያ ዱቄት ነው» ይባላል። ዝናብ ሲቀር «ወዲያ ማዶ ወስደውት ነው» ይባላል። እኔ አልቀበለውም። በረዶ በአያቶቻችንም ጊዜ ነበር። የሚረጨውም በግራም የሚለካ ነገር ነው። ሰው መጥቶ ሲያፋጥጠኝ ግን የማሳየው ነገር የለኝም። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣ ሕግ ደመና ላይ የሚሠራ ማንኛውም ሰው ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት ለመንግሥት ያሳውቃል፣ የሠራበትን መዝገብ ይይዛል። ሪፖርቱንም ሕዝብ ማየት ይችላል። ይኼ ምን ይከብዳል? ማዳበሪያ በኩንታል ተቆጥሮ በፊርማ የሚወጣበት አገር ላይ ነን።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይኼን ነው።

ስለ ደመናና ስለ በረዶ ሥራ ሕግ ካለ አሳዩን። ቀበሌ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ከሌለ አውጡልን። ሕጉ ማን እንደሚፈቅድ፣ ፈቃዱ ከመሰጠቱ በፊት የአካባቢው ገበሬ በቃለ ጉባኤ እንዲጠየቅ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሕዝብ እንዲያውቅ፣ ከዚያም ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታውና የተረጨው መጠን እንዲመዘገብ ያዝዝ። የሚሠራው ድርጅት ላደረሰው ጉዳት ዋስትና ያስይዝ። ጎረቤት ወረዳም ይጠየቅ፤ ደመና ድንበር አያውቅም።

ሕጉ እስኪወጣ ድረስ በቃል የተሰጠው የመድፍ «ሙከራ» ይቁም። ሙከራ ከሆነ ደግሞ እንደ ሙከራ ይሁን። የጎንደር ዩኒቨርሲቲን የመሰለ ገለልተኛ አካል ይለካው እንጂ ሻጩ ራሱ «ሠርቷል» ብሎ አይንገረን። ባለሀብቱ የምር ሰብሉን ማዳን ከፈለገ መረብ ይግዛ። ለገብስ ማሳ አይሆንም፤ ለችግኝና ለአትክልት ግን ይሆናል። መረብ ከማንም አያጣላም። ቀረጡ ይቀነስለት፤ እኛም እንደግፈዋለን።

አለፋ ወረዳ ሻውራ ላይ የአየር ሁኔታ ራዳር መተከሉን ሰምተናል። ራዳር በረዶ ያረገዘ ደመና ያያል ይባላል። ተራራ ይጋርደው እንደሆነ፣ እኛ ጋ ይደርስ እንደሆነ ባለሙያ መጥቶ ይንገረን። የሚደርስ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ አንድ የስልክ መልእክት ይበቃናል። ገብሱን አናድነውም። እረኛውን ግን እንጠራለን፣ ጥጃውን እናስገባለን፣ የታጨደውን ነዶ እንከምራለን።

ጉዳት ገማች በሦስት ቀን ውስጥ ይምጣ። ካልቻለ የእኛን ሽማግሌዎችና የልማት ሠራተኛውን ፊርማ፣ በስልክ ከተነሣ ፎቶ ጋር ይቀበል። ቅጹ ላይ «በረዶ» የሚል አንድ ሣጥን ይጨመር። በረዶ የመታው ገበሬ የማዳበሪያ ዕዳው ለአንድ ምርት ዘመን ይራዘም። የመጠባበቂያ ዘር ወረዳ መጋዘን ውስጥ ከሐምሌ በፊት ይግባ። መድን የሚሸጥልንም በረዶን ይከፍል እንደሆነና እንደማይከፍል በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ ይጻፍልን።

የተመቱት አባላት ዝርዝር፣ የማሳቸው ስፋትና የዕዳቸው መጠን ማኅበሩ ቢሮ አለ። ቢሮው ከሰኞ እስከ ዓርብ ክፍት ነው። ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ እገኛለሁ። ሁለቱንም መዝገብ አሳያችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

የአንድ ሁለገብ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ጸሐፊ
ስለ ማኅበሩ አባላት
ወገራ፣ ጎንደር